ዝቅ ያለችው መኪና፦ የሞላ ታሪክና የአክስቴ ልጅ

ዛሬ ስለ መታወቂያ እድሳትም ስለ ሬሽንም አይደለም የምጽፈው፤ ስለ መኪና ሞላ ነው። ረዘም ትላለች፣ ቡና ያፈላችሁ ስኒያችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሎስ አንጀለስ ያለው የአክስቴ ልጅ ባለፈው ወር ቤተሰብ ግሩፓችን ላይ የአንዲት አሮጌ ሸቭሮሌት ኢምፓላ ፎቶ ለጠፈ። መኪናዋ ሆዷ አስፋልት ሊነካ ምንም አልቀረውም። አክስቴ ከአዲስ አበባ ወዲያው መለሰች፦ «ልጄ፣ ጎማው ተንፍሷል፣ እንዳትነዳው»። እሱ ለካ የራሱንም ኮሮላ ዝቅ ሊያደርግ አጫጭር ሞላ ገዝቷል። ጋራዥ የጠየቁት ዶላር በዛበትና ደወለልኝ። «አንተ ናይሮቢ ጋራዥ ሠርተህ የለም እንዴ? በቪዲዮ እያየህ ንገረኝ፣ እኔው እፈታዋለሁ» አለኝ።

እውነት ነው። ማስተማር ከመጀመሬ በፊት ሁለት ዓመት ብሎን ስፈታ ኖሬአለሁ። ዲፕሎማዬን የሚያይ ሲጠፋ እጄን የሚያይ ፈለግኩ። የመጀመሪያው ቀን «ክሪክ አምጡልኝ» ስል ሁሉም አፈጠጡብኝ። እነሱ ጄኪ ነው የሚሉት፣ ቁልፉን ደግሞ ስፓና፤ ከእንግሊዝ የወረሱት ነው። እኛ ሞላ፣ ባሌስትራ፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ዳዶ እንላለን፤ ይሄ ከጣሊያን ነው። ባሌስትራ በጣሊያንኛ የቀስት መሣሪያ ስም መሆኑን ያወቅኩት እዚያው ጋራዥ ነው። ድርብርብ ብረቱን ስታዩት እውነትም የተገተረ ቀስት ይመስላል። ወራሪ ሄዶ የመፍቻው ስም ይቀራል።

ወደ ፎቶዋ ልመለስ። መኪና ዝቅ ማድረግ የቅንጦት ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ሳነብ ግን የሰፈር ታሪክ ሆኖ አገኘሁት።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ ብዙ ወጣት አሮጌ ፎርድ ገዝቶ ሞተር እያጠነከረ ይሽቀዳደም ነበር። የምሥራቅ ሎስ አንጀለስ የሜክሲኮ ተወላጅ ልጆች ተቃራኒውን መረጡ፦ መኪናዋ ዝቅ ትበል፣ ትወልወል፣ ዊቲየር ጎዳና ላይ በቀስታ ትሂድ፣ ሁሉም ይያት። ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጁን 1943፣ መርከበኞችና ወታደሮች በዚያችው ከተማ እየዞሩ ሰፋፊ ሱፍ የለበሱ የሜክሲኮ ልጆችን ደብድበዋል፣ ልብሳቸውንም ገፈዋል። ፖሊስ በብዛት ያሰረው ግን የተደበደቡትን ነበር። እንግዲህ እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ ነው ልጆቹ በቀስታ እየነዱ «እዩን» ያሉት።

ገንዘብ ስላልነበራቸው የሚያደርጉት ሁሉ በእጅ ነው። መጀመሪያ የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የአሸዋ ከረጢት ይጭናሉ፤ ኋላዋ ይወርዳል። የ1950ዎቹ መጀመሪያ ሸቭሮሌት ከፊት ጥቅል ሞላ፣ ከኋላ ባሌስትራ ነበራት። ስለዚህ ከኋላ በባሌስትራውና በአክስሉ መሃል ብሎክ ያስገባሉ፤ ከፊት ሞላውን በሴጌቶ ይቆርጣሉ፣ ወይም እዚያው እንዳለ በኦክስጅን እሳት አግለው እንዲሟሽሽ ያደርጋሉ።

ከዚያ ሕግ መጣ። በ1958 የካሊፎርኒያ ትራፊክ ሕግ አንቀጽ 24008 ማንኛውም የመኪና አካል ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ በታች እንዳይወርድ ከለከለ። ሕጉ የሚያወራው ስለ ብረት ነው፣ መንገድ ዳር የሚቆመው ግን ሰው ነው። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አሥራ አራት ሰው በጫነ ማታቱ ውስጥ «አንተ ውረድ» የሚባለው ማን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

የልጆቹን መልስ ነው የወደድኩት። በ1959 ሮን አጊሬ የሚባል ወጣት ኤክስ-ሶኒክ ብሎ በሰየማት ኮርቬት ላይ ከአውሮፕላን የተረፈ የሃይድሮሊክ ፓምፕና ቫልቭ ገጠመ። ቁልፍ ሲነካ መኪናዋ ከፍ ትላለች፣ ሲነካ ትወርዳለች። ፖሊስ ሲመጣ ሕጋዊ ናት፣ ሲሄድ እንደገና መሬት ለመሬት። ነገሩ ተዛመተ። ከ1958 እስከ 1964 የተሠሩት ኢምፓላዎች አራቱም እግራቸው ላይ ጥቅል ሞላ ስለነበራቸው ለዚህ ሥራ ምቹ ሆኑ፤ ዛሬም የዚያ ባህል ንግሥቶች እነሱ ናቸው። ጂፕሲ ሮዝ የምትባለው ጽጌረዳ የተሳለባት የ1964 ኢምፓላ በ2017 በአሜሪካ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች መዝገብ ውስጥ ገብታ ዋሽንግተን አደባባይ ላይ ለሕዝብ ታይታለች። ክልከላው ራሱ የተነሣው በ2023 በወጣ ሕግ ነው፤ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ነው የሚሠራው። ከስልሳ ዓመት በላይ!

አሁን ወደ አክስቴ ልጅ። «ሃይድሮሊኩ ይቅርብኝ፣ ያለውን ሞላ ብቆርጠውስ?» አለኝ፣ አዲሱን ገዝቶ እያለ (ሰውዬው ቆጣቢ ነው)። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ የፊዚክስ መምህር ሲጠፋ ግን ሮበርት ሁክ በ1678 ያሳተመውን የሞላ ሕግ አስተምራለሁ። ሞላ በተጫነበት ልክ ያጥራል። ምን ያህል እንደሚያጥር የሚወስነው የሽቦው ውፍረት፣ የጥቅሉ ስፋትና የጥቅሎቹ ብዛት ነው። 8 የሚሠሩ ጥቅሎች ካሉት ላይ 2 ብትቆርጥ የቀረው ሞላ በሲሶ ይጠነክራል። ይሄስ ባልከፋ። ችግሩ ጫፉ መቀመጫው ላይ በትክክል አለመቀመጡ ነው፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል አጭሩ ሞላ ከመቀመጫው ይንሸራተታል። በእሳት ማጋል ደግሞ ፋብሪካው በሙቀት ያጠነከረውን ብረት መልሶ ማልፈስፈስ ነው። የ1950ዎቹ ልጆች ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም። አንተ አለህ።

አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። እኔ የሠራሁበት ጋራዥ የሞላ መጭመቂያ አልነበረውም። የተጨመቀውን ሞላ በሽቦ አስረን እንፈታ ነበር። አንድ ቀን ከካምፕ የመጣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሽቦው በጠሰበትና ሞላው ክንዱን መታው፣ አጥንቱ በሁለት ቦታ ተሰበረ። ቁጥሩን አስቡት፦ 1 ሳንቲ ሜትር ለመጭመቅ 25 ኪሎ የሚፈልግ ሞላ 15 ሳንቲ ከተጨመቀ በ375 ኪሎ ኃይል ነው የሚገፋው። ባለቤቱ የመጀመሪያውን ቀን ሕክምና ከፈለ። በሳምንቱ «ይህን ልጅ አላውቀውም» አለ። ውል የለ፣ የሥራ ፈቃድ የለ፣ ማን ይመሰክራል? እኔ ነበርኩ፣ ግን እኔም እንደሱ ነበርኩ። አልመሰከርኩም።

ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ በመጀመሪያ ያልኩት መጭመቂያውን ነው። እዚያ አሜሪካ ትላልቅ የመለዋወጫ መደብሮች በማስያዣ ያውሱታል፤ ስትመልስ ገንዘብህን ትወስዳለህ። ከዚያ ቡሶላ ከነክሪኬቱ፣ ሁለት የብረት መቆሚያ፣ የዝገት ዘይት፣ ነጭ ቀለምና ጥብቀት የሚለካ ቁልፍ።

ዳዶዎቹን መኪናዋ መሬት ላይ እያለች ላላ አድርግ፣ ከዚያ አንሣ። በክሪክ ብቻ ቆማ ከሥሯ እንዳትገባ፤ መቆሚያው ላይ ትረፍ። ጎማውን አውልቅ። የፍሬን ቱቦውንና የሴንሰሩን ሽቦ ከሾክ አብዞርበሩ ላይ ፍታቸው፣ እንዳይወጠሩ። ታች ያሉትን ሁለት ትላልቅ ብሎኖች ከመፍታትህ በፊት አቀማመጣቸውን በቀለም ምልክት አድርግ። የጎማውን ማቀፊያ በገመድ እሰረው፣ ወደ ውጭ እንዳይወድቅ። ከላይ ኮፈን ሥር ሦስት ዳዶ ታገኛለህ፤ እነሱን ፍታ። መሃል ላይ ያለውን አንዱን እንዳትነካ!

ይህ አንድ ዳዶ ታሪክ አለው። ኧርል ማክፈርሰን የሚባል መሐንዲስ ጀነራል ሞተርስ ውስጥ ካዴት ለተባለች ትንሽ መኪና ሞላውንና ሾክ አብዞርበሩን አንድ ላይ የያዘ ዘንግ ነደፈ። መኪናዋ በ1947 ተሰረዘች፤ እሱም ወደ ፎርድ ሄደ። በ1950 የእንግሊዞቹ ፎርድ ኮንሰልና ዜፊር በዚህ ዘንግ ወጡ። ርካሽ ነው፣ ቦታ አይፈጅም፤ ዛሬ የብዙ ትናንሽ መኪኖች ፊት በዚሁ ይቆማል። ግን የተጨመቀውን ሞላ ይዞ የሚያድረው ያቺ የመሃል ዳዶ ናት። የዚያን ልጅ ክንድ የሰበረችው እሷ ናት።

ስለዚህ ዘንጉን አውርደህ መጭመቂያዎቹን ትይዩ ግጠም፤ አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ፣ እያፈራረቅክ አጥብቅ። ሞላው መቀመጫው ላይ በእጅህ ሲዞር ብቻ ነው የመሃሉን ዳዶ የምትፈታው። ፊትህን ከጫፉ አቅጣጫ አርቅ። አዲሱ ሞላ አጭር ስለሆነ ብዙ መጭመቅ አያስፈልገውም። ጽሑፉ በቀጥታ ይነበብ፣ ጫፉ ማረፊያው ውስጥ ይግባ። ጎሚኒ ያለባቸውን ብሎኖች መጨረሻ የምታጠብቀው መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ነው፤ ተንጠልጥላ ካጠበቅካቸው ጎሚኒው ተጠምዝዞ ቶሎ ይቀደዳል። ከዚያ ቀጥታ የጎማ አላይመንት፣ አለዚያ ጎማህ በአንድ ጎኑ ያልቃል። የፊት መብራቱንም አስተካክል።

ቅዳሜ ለት ሁለቱን የፊት እግሮች ጨረሰ። ስድስት ሰዓት ፈጀበት፤ እኔ ዘጋሁ ደወለ፣ ዘጋሁ ደወለ። 3 ሳንቲ ሜትር ወርዳለች። የኋላው ለሚመጣው ሳምንት ነው። ፎቶውን ግሩፑ ላይ ሲለጥፍ አክስቴ በድምፅ መለሰች፦ «ባለፈው ተንፍሷል አላልኩህም? አሁን የፊቱም ተነፈሰ!»