አንድም፦ ነገርን አፍታቶ የመድገም ጥበብ

በእነዋሪና በአካባቢዋ፣ በሞረትና ጅሩ መረሬ መሬት ላይ ጤፍና ስንዴ የሚያመርተው ገበሬ አፉን የፈታው በአማርኛ ነው፤ የቤተ ክህነቱ መጻሕፍት ግን ለዘመናት በግዕዝ ተዘግተውበት ኖረዋል። ይህን ርቀት ለማጥበብ የተነሣው የአንድምታ ትርጓሜ ነው። መምህሩ የግዕዙን ንባብ በአማርኛ ይፈታል፤ ያም ካልበቃ «አንድም» ብሎ በሌላ ቃልና ምሳሌ ይደግመዋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደሩ መምህር ኤስድሮስ ትርጓሜውን አሻሽለው አደራጁ፤ የእርሳቸው ስልት ታች ቤት፣ የቀደመው ላይ ቤት ተባለ።

ይሁን እንጂ ትምህርቱ ዓመታት የሚፈጅ ስለ ነበረ ሰፊው ሕዝብ አልደረሰበትም። በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደልን ወደ ገበሬው መንደር አወረደ።

ከአንድምታ መምህራን የሚወረሰው ቁም ነገር ግልጽ ነው፤ ሰሚው ካልገባው፣ አፍታቶ መድገም የአስተማሪው ግዴታ ነው።