42 ደብዳቤዎች

መካነ ሰላም ያለችው እናቴ በአንድ ነገር ዛሬም ታዝንብኛለች፤ ምህንድስና ተምሬ በስድስት ወር ኮንትራት ኮድ ጸሐፊ ሆኜ መቅረቴ። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ከተማችን ካምፓስ ከከፈተ ወዲህማ ብሶባታል። «መምህር ብትሆን ማን ይነካህ ነበር? የመንግሥት እንጀራ እኮ ነው!»

እኔ 1985 ዓ.ም.ን አነሳባታለሁ፤ ያኔ ገና አልተወለድኩም። በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የኤርትራን ሪፈረንደም ተቃውመው ሰልፍ ወጡ። ጥይት ተተኮሰ፤ ተማሪ ሞተ፤ ግቢው ተዘጋ። ወራት ቆይቶ መምህራኑ የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው። «42ቱ» የሚባሉት እነሱ ናቸው።

አንዱ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ፤ ኤድንብራ የሠለጠኑ ቀዶ ሐኪም፣ የሕክምና ፋኩልቲው መሥራችና ዲን። የመአሕድ ሊቀ መንበርም ነበሩና ፖለቲካው ከነገሩ አይለይም። ግን ደብዳቤው የደረሰው ለእሳቸው ብቻ አይደለም። እሳቸው በ1986 ታሰሩ፤ በ1991 ለሕክምና በሄዱበት ፊላደልፊያ ዐረፉ።

በኔ ሙያ ሰው ሲለቅ ተተኪው ኮዱን እያማረረም ቢሆን አንብቦ ይቀጥላል። የቀዶ ሐኪም እጅ ግን የት ተጽፎ ይቀመጣል? አጠገቡ ቆመህ፣ ዓመታት አይተህ ነው የምትወርሰው። ደብዳቤው ያቋረጠው ደሞዝ ብቻ መስሎ አይታየኝም።

ይሄን ስነግራት እናቴ ሲኒውን እያጠበች ዝም አለች። ቆይታ፣ «የሚያስተምሯቸው ልጆችስ፣ ማን እጅ ላይ ወደቁ?» አለችኝ።