በአነስተኛ ወጪ የሚገጣጠም የጌም ኮምፒውተር

የጌም ኮምፒውተር የቪዲዮ ጌም ለመጫወት የሚያገለግል የግል ኮምፒውተር ነው። ክፍሎቹ ለየብቻ ተገዝተው ሊገጣጠሙ ይችላሉ። ገንዘቡ ጥቂት ሲሆን ዋናው ጥያቄ የትኛው ክፍል ላይ መቆጠብ እንደሚቻል ነው።

የክፍሎች ምርጫ

በጌም ውስጥ የሚታየውን ምስል በዋናነት የሚያዘጋጀው ግራፊክስ ካርዱ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ከፍተኛው ወጪ ለእርሱ ይውላል። ያማረ ኬዝና መብራት ጌሙን አያፈጥኑም። ክፍሎቹ እርስ በርስ መስማማት አለባቸው፦ የኤኤምዲ ኤኤም4 ማዘርቦርድ ዲዲአር4 ራም ሲቀበል፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኤኤም5 የሚቀበለው ዲዲአር5 ብቻ ነው።

ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር

አንዱ ርካሽ መንገድ ባገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ግራፊክስ ካርድ መጨመር ነው። የማዘርቦርዱ የካርድ ማስገቢያ እስከ 75 ዋት ኃይል ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650 በብዙ ሞዴሎቹ ተጨማሪ የኃይል ገመድ ሳያስፈልገው በዚሁ ይሠራል። ካርዱ ከመገዛቱ በፊት የኬዙ ውስጥ ቦታ መለካት አለበት።

ፓወር ሰፕላይ

ቁጠባ የማይመከርበት ክፍል ፓወር ሰፕላይ ነው። ጥራት የሌለው ፓወር ሰፕላይ ሲበላሽ ማዘርቦርዱንና ግራፊክስ ካርዱን ጭምር ሊያቃጥል ይችላል። አንዳንዶቹ ከጀርባቸው 115 እና 230 ቮልት የሚል መቀየሪያ አላቸው። የኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ስለሆነ፣ መቀየሪያው ገመዱ ከመሰካቱ በፊት 230 ላይ መሆኑ መረጋገጥ አለበት።