መዋዕለ ሕፃናትና የልጁ መዝገብ፦ ከድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ እስከ መልካ ጀብዱ

በኢትዮጵያ የዘመናዊ መዋዕለ ሕፃናት ታሪክ በተነሣ ቁጥር አስቀድማ የምትጠራው ከተማ ድሬዳዋ ናት። በትምህርት ታሪክ ጽሑፎች ዘንድ የተለመደው አነጋገር፣ የመጀመሪያው መዋዕለ ሕፃናት በ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ ለምድር ባቡሩ ሥራ ለመጡ ፈረንሳውያን ልጆች ተከፈተ የሚል ነው። ሆኖም ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ሲሆን፣ ከተማይቱም የተቆረቆረችው በዚሁ ምክንያት ስለሆነ፣ የተጠቀሰው ዘመን በጥንቃቄ ሊያዝ የሚገባው ነው። ከዘመኑ ይበልጥ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ታሪክ ጠብቆ ያቆየው የተቋሙን መከፈት ነው፤ በውስጡ ውለው ስላደጉት ልጆች የሚነገረው እምብዛም ነው።

ከከተማይቱ በስተምዕራብ የምትገኘው መልካ ጀብዱ ዛሬ የኢንዱስትሪ ፓርክና ከ2014 ዓ.ም. ወዲህም የነፃ ንግድ ቀጠና ያለባት የድሬዳዋ አካባቢ ናት። እንደ ድሬዳዋ ሁሉ በዚያም ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ በአንድ መንደር ይሰማሉ። በዚያች መንደር ቅድመ መደበኛ ትምህርቱን ፈጽሞ አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ፣ ስለ እርሱ የተጻፈ ምን ነገር ይዞ ይሻገራል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ጥያቄ በታሪክ መንገድ መመርመር ነው።

ከመዝገብ በፊት የነበረው ምዘና

የሕፃናት ምዘና ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ከፊደል ገበታ ወደ አቡጊዳ፣ ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት የሚያልፈው በየኔታ ፊት ቀርቦ ችሎታውን ሲያስመሰክር ነው። በቁርኣን ትምህርት ቤትም ልጁ በእንጨት ሰሌዳው ላይ የተጻፈለትን በቃሉ ሳይዝ ሰሌዳው ታጥቦ አዲስ ትምህርት አይጻፍለትም። የሁለቱም ሥርዐት ብርታት መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ ለየብቻው ማወቁ ነው፤ ልጁ የሚመዘነው በጓደኛው ፍጥነት ሳይሆን በትናንቱ ትምህርቱ ነው። ድክመታቸው ደግሞ ምዘናው በንባብና ቃል በመያዝ ላይ መወሰኑ ነው። የልጁ ጨዋታ፣ የጣቶቹ ቅልጥፍና፣ የመስማት ኃይሉና ከእኩዮቹ ጋር ያለው መግባባት ከምዘናው ውጭ ይቀራሉ። ከዚህም ሌላ መምህሩ ስለ ልጁ የሚያውቀው ሁሉ በልቡ የተቀመጠ በመሆኑ፣ መምህሩ ሲለወጥ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል።

የቁጥር ዘመን

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ መዋዕለ ሕፃናት ከጥቂት የከተማ ቤተሰቦች መገልገያነት ወጥቶ በቀበሌዎችና በገበሬ ማኅበራት አማካይነት እንዲስፋፋ ተደረገ፤ በ1981 እ.ኤ.አ. የሕፃናት ኮሚሽን ተቋቋመ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የመዋዕለ ሕፃናትን ዓላማ የልጁ ሁለንተናዊ ዕድገት አድርጎ ከመወሰኑም በላይ ተከታታይ ምዘና በየደረጃው እንዲካሄድ ደነገገ። ይሁን እንጂ መዋዕለ ሕፃናትን የመክፈቱ ሥራ በአብዛኛው ለግልና መንግሥታዊ ላልሆኑ ድርጅቶች የተተወ ስለነበረ፣ የድሃው ልጅ ከበር ውጭ ቀረ።

በ2010 እ.ኤ.አ. የተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳየ። በዚያው ዓመት የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ዜሮ ክፍል ተከፈተ፤ ታላላቅ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን የሚያለማምዱበት የልጅ ለልጅ ዘዴም ተጀመረ። በ2003 ዓ.ም. ከ5 በመቶ እምብዛም ያልበለጠው የቅድመ መደበኛ ጥቅል ተሳትፎ በ2006 ዓ.ም. ወደ 34 በመቶ ገደማ ከፍ አለ።

ይህ ታላቅ እመርታ ነው። ሆኖም ቁጥሩ የሚናገረው ስንት ልጆች ክፍል እንደገቡ ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ ምን እንደቻለና ምን እንደተሳነው አይናገርም። በብዙ መዋዕለ ሕፃናትም ለወላጅ የሚደርሰው የፈተና ነጥብና ደረጃ የተሞላበት ካርድ ነው። ከክፍሉ 30ኛ መውጣቱ የተነገረው ልጅ እናት፣ ልጇን በምን ልትረዳው እንደሚገባ ከካርዱ የምታገኘው ምክር የለም።

ስለ መለኪያው ተስማሚነት

አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን በ1905 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ያወጡት መለኪያ የተዘጋጀው ልዩ ድጋፍ የሚያሻቸውን ልጆች ለይቶ ለማወቅ ነበር። በኋላ ግን በሌሎች አገሮች ሰውን በደረጃ ለመፈረጅ ዋለ። ስለሆነም የመለኪያው ዓላማ እንደ ይዘቱ ሁሉ ጥበቃ ያሻዋል።

ይዘቱን በሚመለከት ጅማ ጥሩ አብነት ናት። በአሜሪካ የተዘጋጀው ዴንቨር 2 የተባለው የዕድገት መለኪያ 125 ነጥቦች አሉት፤ ከነዚህም መካከል ልጁ የቁርስ እህል በሳሕን ማዘጋጀቱንና የካርታ ወይም የገበታ ጨዋታ መጫወቱን የሚጠይቁ ይገኙባቸዋል። በጅማ የተሠማሩ ተመራማሪዎች መለኪያውን ከአካባቢው ኑሮ ጋር አስማምተው ከ1,500 በላይ በሆኑ ልጆች ላይ ከሞከሩት በኋላ ውጤቱን በ2016 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በቤቱ ያላየውን ነገር ባለማድረጉ ልጁን ዘገምተኛ ማለት፣ የመለኪያውን ጉድለት ለልጁ ማሸከም ነው።

የመምህርቷ ደብተር

ይህ ትምህርት ለመልካ ጀብዱ በቀጥታ ይሠራል። በአማርኛ ሲጠየቅ ዝም የሚል ልጅ፣ ከእኩዮቹ ጋር ጠጠር ሲጫወት በሶማልኛ እስከ ሃያ ይቆጥር ይሆናል። መምህርቷ «ቁጥር አያውቅም» ብላ ከጻፈች ሐሰት ጻፈች፤ ቀኑን፣ ጨዋታውንና ቋንቋውን ጠቅሳ ያየችውን ከጻፈች ግን ለሚቀጥለው መምህር መንገድ ጠረገች። ከበስተኋላው ሲጠሩት ደጋግሞ የማይዞር ልጅም ከሰነፍ ከመቆጠሩ በፊት ጆሮው በጤና ጣቢያ ሊታይለት ይገባል፤ ይህም የሚታወቀው በተለያዩ ቀናት የተጻፉ ማስታወሻዎች ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው።

የክፍሉ ብዛት ለዚህ ሥራ መሰናክል መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በቀን አምስት ልጆችን ብቻ በትኩረት የምታይ መምህርት፣ 50 ልጆች ያሉበትን ክፍል በአሥር የትምህርት ቀናት ታዳርሳለች። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት መስመር፣ እንዲሁም በኅዳር፣ በየካቲትና በግንቦት የሣለውን ሥዕል ቀን ጽፎ ማስቀመጥ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ደረጃ መስጠት ግን ከዚህ መዝገብ መወገድ አለበት፤ መዝገቡም ልጅን ከአንደኛ ክፍል ለመመለስ ሊውል አይገባም።

በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛ ትምህርትን የሁለት ዓመት አድርጎታል። በእነዚህ ሁለት ዓመታት የተሰበሰበው ማስታወሻ በሰኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቆለፈበት፣ የአንደኛ ክፍል መምህር በመስከረም ልጁን እንደ አዲስ ይጀምረዋል። ስለዚህ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ዕጩ መምህራንን ማስታወሻ አጻጻፍ ከማስተማር ጋር፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም ደብተሩ ከቅድመ መደበኛ ወደ አንደኛ ክፍል መምህር እጅ በእጅ የሚተላለፍበትን ቀን በትምህርት ዘመኑ ሰሌዳ ውስጥ ሊያስገቡት ይገባል።