ሰምጦም የማያርፍ፦ የተጣሉና የሰመጡ ጀልባዎች ለምን አደገኛ ይሆናሉ?

ፌብሯሪ 2024 ላይ ቀይ ባሕር ውስጥ ሦስት የኢንተርኔት ኬብሎች ተቆረጡ። በእስያና በአውሮፓ መካከል ያለው የዳታ ፍሰት ተረበሸ፣ ኩባንያዎችም ትራፊኩን በሌላ መስመር ለማዞር ተሯሯጡ። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው "ሆን ተብሎ ነው የተቆረጠው" ብሎ ጠርጥሮ ነበር። የአሜሪካ ባለሥልጣናት ግን በዋናነት የጠረጠሩት ሰው የሌለባትን የአንዲት መርከብ መልሕቅ ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መርከቧ ሩቢማር ትባላለች። 21 ሺህ ቶን ገደማ ማዳበሪያ ጭና ስትጓዝ ፌብሯሪ 18 የሁቲ ሚሳይል መታት። 24ቱ ሠራተኞች ጥለዋት ወጡና ወደ ጅቡቲ ተወሰዱ። ባዶዋ መርከብ ውኃ እያስገባች፣ ነዳጅ እያፈሰሰች፣ መልሕቋን ባሕሩ ወለል ላይ እየጎተተች ሁለት ሳምንት ያህል ተንሳፈፈችና ማርች 2 ሰመጠች። የአሜሪካ ማዕከላዊ ዕዝ መስመጧን ሲያሳውቅ ሁለት ነገር አስጠነቀቀ፦ ማዳበሪያው ባሕሩን ሊጎዳ እንደሚችል፣ እንዲሁም ውኃ ውስጥ ያለው አካሏ በዚያ የሚያልፉ መርከቦችን ሊያጋጭ እንደሚችል። ማለትም ሰምጣም ጣጣዋ አላለቀም።

ሩቢማር ትልቅ ምሳሌ ናት፣ ያውም የጦርነት። ነገር ግን ሐይቅ ዳር ታስራ ከተረሳች አሮጌ ጀልባም ጋር ጉዳዩ ያው ነው። አደጋው የሚጀምረው "የእኔ ናት" የሚል ሰው ከጠፋበት ቀን ነው። ውኃ የሚቀዳላት የለም፣ ገመዷን የሚያይላት የለም፣ ስትሰምጥም "እዚህ ጋ ሰምጣለች" ብሎ የሚናገር የለም።

ከሁሉ የከፋችው ደግሞ ግማሽ የሰመጠችው ናት። ውኃ ላይ ያለችውን ጀልባ ታያታላችሁ። ጥልቅ ውኃ ውስጥ ወለሉ ላይ የተኛችውን ደግሞ በላይዋ ታልፋላችሁ። አንዳንዷ ግን ሆዷ ውኃ ሞልቶ፣ አንድ ጥግ ላይ ትንሽ አየር ቀርቶባት፣ አካሏ በሙሉ ለማለት ይቻላል ከውኃው ገጽ በታች ሆኖ ትንሳፈፋለች። ራዳር የሚያየው ከውኃ በላይ ያለውን ነው። ትናንሽ ጀልባዎች ላይ የሚገጠመው የጥልቀት መለኪያ ደግሞ ቁልቁል እንጂ ወደ ፊት አያይም። ውኃው ድፍርስ ከሆነ ዓይንም አይረዳም። በፍጥነት የሚሄድ ጀልባ እንዲህ ያለ ነገር ሲመታ ሞተሩ ይነቀላል ወይም ሆዱ ይቀደዳል፣ ተሳፋሪም ተወርውሮ ይወድቃል። ገመድና መረብ ካለበት ደግሞ ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል። የተጣለ መረብ ባለቤት ባይኖረውም ዓሣ መያዙን አያቆምም፤ የያዘው እዚያው ይበሰብሳል።

"ታዲያ ምልክት ማድረግ ነዋ" ትሉ ይሆናል። የትራይከለር ታሪክ ግን ያን ያህል ቀላል እንዳልሆነ ያሳያል። ዲሴምበር 14 ቀን 2002 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው የባሕር መተላለፊያ፣ ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ አዳዲስ ቢኤምደብሊው፣ ቮልቮና ሳብ መኪኖች የጫነችው ትራይከለር በጭጋግ ውስጥ ካሪባ ከምትባል መርከብ ጋር ተጋጨችና ሰመጠች። ሰው አልሞተም። የሰመጠችበት ቦታ ጥልቀት ግን 30 ሜትር ገደማ ብቻ ስለነበረ፣ በጎኗ ተኝታም የላይኛው ጎኗ ከውኃው ገጽ ሥር ቀረ። ቦታው በዓለም ላይ መርከብ ከሚበዛባቸው መንገዶች አንዱ ነው። ጠባቂ ጀልባ ቆመ፣ ምልክት ተደረገ፣ በሬዲዮ ማስጠንቀቂያ ተለቀቀ። ሁለት ቀን ሳይሞላ ኒኮላ የምትባል መርከብ መጥታ ላይዋ ላይ ወጣች። ጥበቃው ተጠናከረ፣ ተጨማሪ ምልክት ተደረገ። በጃንዋሪ 1 ቀን 2003 ደግሞ ቪኪ የምትባል፣ ነዳጅ የጫነች ቦቴ መርከብ ገጨቻት። በሁለት ሳምንት ተኩል ውስጥ፣ እየተጠበቀች፣ ሁለት ጊዜ ማለት ነው።

በመጨረሻ ትራይከለርን ከነመኪኖቿ በብረት ገመድ መጋዝ ዘጠኝ ቦታ ቆራርጠው አወጧት፤ ሥራው እስከ 2004 ዘለቀ። ከዚያ በኋላ ነው በዓለም አቀፍ ደረጃ ለአዲስ የሰመጠ መርከብ ብቻ የሚያገለግል ተንሳፋፊ ምልክት በ2006 የመጣው። ሰማያዊና ቢጫ ሽንትር አለው፣ ማታም ሰማያዊና ቢጫ መብራት እያፈራረቀ ያበራል። የትም ብታዩት ትርጉሙ "እዚህ ሥር አዲስ የሰመጠ ነገር አለ" ነው።

ወንዝና ሐይቅ ላይ ደግሞ ውኃው በየወቅቱ ይወጣል፣ ይወርዳል። በ2022 የበጋ ድርቅ የዳኑብ ወንዝ ሲጎድል፣ ሰርቢያ ውስጥ ፕራሆቮ በምትባል የወደብ ከተማ አጠገብ ከ20 በላይ የጀርመን የጦር መርከቦች ከውኃ ውስጥ ብቅ አሉ። በ1944 ሲያፈገፍጉ ራሳቸው ጀርመኖቹ ያሰመጧቸው ናቸው፤ ብዙዎቹ ውስጥ ያልፈነዳ ጥይትና ፈንጂ አለ። 180 ሜትር ስፋት የነበረው የመርከብ መተላለፊያ ወደ 100 ሜትር ጠበበ። 78 ዓመት ሙሉ እዚያው የነበሩ ናቸው እንግዲህ።

ወደብ ለመዝጋት መርከብ ማስመጥ ለእኛም አካባቢ እንግዳ አይደለም። በኤፕሪል 1941 እንግሊዞች ምፅዋ ሲቃረቡ ጣሊያኖች በርካታ መርከቦችን ወደቡ መግቢያ ላይ አሰመጡ። ሁለት ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎችንም በቦምብ በሳስተው አስቀመጡ። በዓመቱ የመጣው አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ ትልቁን መጠገኛ በዘጠኝ ቀን አንሳፈፈው። ዘዴው ቀላል ነው፦ ቀዳዳው ያለው ከታች ስለሆነ መድፈን አላስፈለገውም፤ ከላይ የታመቀ አየር ሲነፋበት ውኃው በዚያው ቀዳዳ ወደ ታች ወጣ።

ለማንሳት ግን አየር መንፊያውም፣ ሙያውም፣ ገንዘቡም ያስፈልጋል። ወደ ተራው ጀልባ ስንመጣ ዋናው ጥያቄ "ማን ይክፈል?" የሚለው ነው።

የእንጨት ጀልባ ይበሰብሳል። ብረቱን ቁራሌ ይገዛዋል። ፋይበር ግላስን ግን ማንም አይፈልገውም፤ አይበሰብስም፣ መልሶ መጠቀምም ከባድ ነው። ስለዚህ ያረጀ ጀልባ ዋጋው እየወረደ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንዱ ለሌላው በርካሽ ይሸጥለታል፣ ስም አይዛወርም፣ የመጨረሻው ሰው የመመዝገቢያ ቁጥሩን ፍቆ ጥሎት ይሄዳል።

ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ሲያትል ያለችበት የአሜሪካው ዋሽንግተን ግዛት ይህን ጣጣ ጠንቅቆ ያውቀዋል። በሜይ 2012 ፔን ኮቭ በተባለ የባሕር ሰርጥ ላይ ያለ ፈቃድ ቆማ የነበረች ዲፕ ሲ የምትባል አሮጌ የሸርጣን ማጥመጃ መርከብ ተቃጥላ ሰመጠች። ባለቤቷ ለቁራጭ ብረት ብሎ በጥቂት ሺህ ዶላር የገዛት ናት። የፈሰሰው ነዳጅ አካባቢው ላይ የሚታወቀውን የዛጎል እርሻ ለሳምንታት ሥራ አስቆመው። ለማንሳትና ለማጽዳት የወጣው ገንዘብ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ሳትሰምጥ በፊት ጎትተው ቢያወጧት ኖሮ ወጪው የዚህ ትንሽ ክፍልፋይ ይሆን ነበር።

እዚያው ግዛት ውስጥ የተጣሉ ጀልባዎችን የሚያነሳ ፕሮግራም አለ። ከጀልባ ምዝገባ ክፍያ ላይ በሚቆረጥ ገንዘብ እስካሁን ከ1 ሺህ በላይ አንስቷል። እኔ ከሁሉ የወደድኩት ግን በኋላ የጨመሩትን ነው፦ ጀልባውን ለማስወገድ አቅም የሌለው ሰው ሳይሰምጥበት አምጥቶ የሚያስረክብበት መንገድ። ቅጣት ብቻ ሲሆን ሰው በሌሊት ገመዱን ቆርጦ ይሄዳል።

ዓለም አቀፍ ሕግስ? አለ፣ ስሙም የናይሮቢ ስምምነት ነው። በ2007 ናይሮቢ ላይ ጸድቆ በ2015 ሥራ ላይ ዋለ። ባለቤቱ የሰመጠ መርከቡን የማንሳት ግዴታ አለበት ይላል፤ ኢንሹራንስም ያስገድዳል። ኢንሹራንሱ ግን የሚመለከተው 300 ግሮስ ቶንና ከዚያ በላይ የሆኑትን ነው። ሕጉ ራሱ ለባሕር እንጂ ለሐይቅ የተጻፈ አይደለም። የሐይቅ ጀልባ ለየአገሩ ሕግ የተተወ ነው።

እኛ ጋ ለረጅም ዘመን ይህ ጥያቄ አልነበረም ማለት ይቻላል። የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ አገልግሎቱ ያበቃል፣ ዳር ላይ ሲጣል ደርቆ አፈር ይሆናል። አሁን ግን ታንኳው አጠገብ የብረትና የፋይበር ግላስ የሞተር ጀልባ አለ። ጣና ደግሞ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ በአማካይ 8 ሜትር ገደማ፣ ትልቁ ጥልቀቱም 14 ሜትር አካባቢ ነው። በክረምትና በበጋ መካከል ውኃው ከአንድ ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሰኔ ላይ ጭቃ ላይ ተቀምጦ የሚታይ ጀልባ መስከረም ላይ ውኃ ሥር ነው፤ ወንዞቹ በሚያመጡት ደለል ድፍርስ በሆነ ውኃ ሥር፣ አንዳንዴም በእምቦጭ ሥር። የህዳሴ ግድብ የፈጠረው ንጋት ሐይቅም ተጨምሯል፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፣ ዓሣ አጥማጆችም ጀልባ ይዘው ገብተውበታል። ግድብ ስለሆነ የሱም ውኃ በየወቅቱ ከፍና ዝቅ ይላል። እዚህ ላይ ጀልባ ሲገባ ተመዝግቦ ቁጥር መያዙ፣ ሲያረጅም የት እንደሚሄድ መታወቁ ከአሁኑ ቢታሰብበት ርካሽ ነው።

ጣና፣ ሐዋሳ፣ ባቱ ወይም ጫሞ ስትሄዱ የተጣለ ወይም ግማሽ የሰመጠ ጀልባ ካያችሁ አትውጡበት። በገመድም ለመጎተት አትሞክሩ፤ ውስጡ ያለው ውኃ ወደ አንድ ጎን ሲሄድ ድንገት ይገለበጣል። ባትሪና ነዳጅ ስላለው ሞተሩንም አትነካኩ። ቦታውን ስልካችሁ ላይ ያዙት፤ ጂፒኤስ ያለ ዳታም ይሠራል። ዳር ያለ ዛፍ ወይም ሕንፃ አብሮ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱና ለጀልባ ነጂዎቹ ማኅበር ወይም ለወደቡ ሠራተኞች አሳዩ። ቁጥሩን አብራችሁ ላኩላቸው፣ "ከደሴቱ ወዲህ" ማለት ለማታ ነጂ አይጠቅመውም።