የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ባለሙያዎች ሥነ ምግባር

የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ባለሙያዎች ሥነ ምግባር የመናገር፣ ቋንቋ የመረዳት፣ የመዋጥ ወይም የመስማት ችግር ያለባቸውን ሰዎች የሚመረምሩና የሚያክሙ ባለሙያዎች የሚገዙበት የሙያ ደንብ ነው። ከሌሎች የጤና ሙያዎች ሥነ ምግባር ጋር ብዙ የሚጋራው ነገር አለ። የሚለየው በታካሚው ሁኔታ ነው። ታካሚው አፉን ያልፈታ ሕፃን፣ በስትሮክ ምክንያት ቃላት የጠፉበት አዋቂ ወይም መስማት የተሳነው ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፈቃዱን መጠየቅም ሆነ ቅሬታውን መስማት ራሱን የቻለ ሙያዊ ሥራ ነው።

ታሪክ

የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ማኅበር (በአጭሩ አሻ) እ.ኤ.አ. በ1925 ተመሠረተ። በሙያው ታሪክ እጅግ የሚወገዘው ጥናት የተካሄደው በአዮዋ ሲቲ ከተማ በሚገኘው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ዌንደል ጆንሰን የተባሉት ምሁርና ተማሪያቸው ሜሪ ቱዶር በዳቨንፖርት የሕፃናት ማሳደጊያ የሚኖሩ 22 ልጆችን ለሙከራ መረጡ። ጆንሰን መንተባተብን የሚያመጣው ልጁ ተንተባታቢ ተብሎ መፈረጁ ነው የሚል ግምት ነበራቸው። ይህን ለመፈተን ምንም የንግግር ችግር ያልነበረባቸው ስድስት ልጆች መንተባተብ እንደጀመሩ ተነገራቸው፤ በተናገሩ ቁጥርም ይታረሙ ጀመር። ልጆቹ ተንተባታቢ አልሆኑም። ይሁን እንጂ መናገር ፈሩ፣ ዝምተኛና ድንጉጥ ሆኑ። የሚደረግባቸውን አያውቁም ነበር፤ የሚከራከርላቸው ወላጅም አጠገባቸው አልነበረም።

ጥናቱ በመጽሔት ሳይታተም ለአሥርተ ዓመታት ተዳፍኖ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2001 በጋዜጣ ይፋ ወጣ። ዩኒቨርሲቲው በዚያው ዓመት ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2007 ደግሞ የአዮዋ ግዛት ጉዳዩን በፍርድ ቤት ለከሰሱት ሰዎች 925,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ዋና ዋና ግዴታዎች

እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአሻ የሥነ ምግባር ደንብ በአራት መርሆች ላይ ቆሟል፦ የተገልጋዩን ደኅንነት ማስቀደም፣ የሙያ ብቃትን ማሳደግና መጠበቅ፣ ለሕዝብ እውነቱን መናገር እንዲሁም ከሥራ ባልደረቦችና ከሌሎች ሙያዎች ጋር በመከባበር መሥራት። ባለሙያው የታካሚውን ምስጢር ይጠብቃል። ያልሠለጠነበትን ሕክምና አይሰጥም። የሕክምናው ውጤት ምን ሊሆን እንደሚችል ያለውን ግምት መናገር ይችላል፤ «ልጅዎ በእርግጠኝነት ይናገራል» ብሎ ዋስትና መስጠት ግን ክልክል ነው።

ፈቃድ ማግኘት ፊርማ ከማስፈረም በላይ ነው። በስትሮክ ሳቢያ ቋንቋው የተጎዳ ሰው መናገር ስላልቻለ ብቻ ማሰብ አይችልም ማለት አይደለም። ባለሙያው ባጫጭር ዓረፍተ ነገሮች፣ በሥዕልና በምልክት እያስረዳ፣ ጥያቄውንም ገልብጦ እየጠየቀ ታካሚው በትክክል መረዳቱን ያረጋግጣል። ቤተሰብ ስለ እርሱ መልስ ለመስጠት ቢጣደፍም ቅድሚያ የሚሰጠው ለታካሚው ነው።

አከራካሪ ጉዳዮች

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ረዳት ሰው ኦቲዝም ያለበትን ልጅ እጅ ደግፎ በፊደል ገበታ ላይ የሚያስጽፍበት ዘዴ በአሜሪካ ተስፋፍቶ ነበር። ተመራማሪዎች ለልጁ አንድ ሥዕል፣ ለረዳቱ ደግሞ ሌላ ሥዕል ለየብቻ አሳዩ። የተጻፈው ረዳቱ ያየው ሆነ። ሐሳቡ የልጁ እንዳልነበረ በተደጋጋሚ ስለተረጋገጠ አሻ እ.ኤ.አ. በ2018 ዘዴው ጥቅም ላይ መዋል እንደሌለበት አስታወቀ። ሳይንሳዊ ማስረጃ የሌለውን ሕክምና መስጠት ገንዘብና ጊዜ ከማባከኑም በላይ የታካሚውን አንደበት ለሌላ ሰው አሳልፎ ይሰጣል።

በመስማት ሕክምና ዘርፍ ዋነኛው ጥያቄ የጥቅም ግጭት ነው። ጆሮን የሚመረምረው ባለሙያ የመስሚያ መሣሪያውንም የሚሸጥ ከሆነ ምክሩ ከትርፉ ጋር ሊጋጭ ይችላል። አሻ እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ድረስ አባላቱ መሣሪያውን በትርፍ እንዳይሸጡ ይከለክል ነበር። ክልከላው ከተነሳ በኋላ ባለሙያው ጥቅሙን በግልጽ የማሳወቅና ታካሚው የማያስፈልገውን ዕቃ ያለመሸጥ ግዴታ አለበት።

ሌላው ጉዳይ የቋንቋ ልዩነትን ከሕመም መለየት ነው። በአሜሪካ የሚያድግ የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ እንግሊዝኛ ሲለምድ ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ የሚወጣውን ድምፅ «ስ» ወይም «ዝ» ብሎ ቢናገር ችግር አለበት አይባልም፤ ድምፁ በአማርኛ የለምና። አማርኛ የማያውቅ መርማሪ ደግሞ ልጁ «ቀ» እና «ጠ»ን በትክክል መጥራት ቢያቅተው ሳያስተውለው ሊያልፍ ይችላል። በመሆኑም ልጁ በሚናገራቸው ቋንቋዎች ሁሉ መመርመር፣ ለዚህም የሠለጠነ አስተርጓሚ መጠቀም የሥነ ምግባር ግዴታ ነው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀን ፈተና በአማርኛ ተርጉሞ በዚያው መለኪያ ውጤት መስጠት ስህተት ነው።

ቁጥጥርና አቤቱታ

በአሻ ዘንድ አቤቱታን የሚመረምረው የሥነ ምግባር ቦርድ ሲሆን ቅጣቱ ከተግሣጽ አንስቶ የሙያ ማረጋገጫንና አባልነትን እስከ መንጠቅ ይደርሳል። በብሪታንያ የጤናና የእንክብካቤ ሙያዎች ምክር ቤት ጥፋተኛውን ከመዝገብ መሰረዝ ይችላል፤ የተሰረዘ ሰው በሙያው መጠሪያ ሊሠራ አይፈቀድለትም። ታካሚም ሆነ ቤተሰቡ የባለሙያውን ፈቃድና ሥልጠና፣ ሕክምናው የተመሠረተበትን ማስረጃ እንዲሁም ከሚታዘዘው መሣሪያ ባለሙያው የሚያገኘውን ጥቅም የመጠየቅ መብት አላቸው።