የጨጓራ ባክቴሪያና አመጋገብ በአውበሬ

ኤች ፓይሎሪ የጨጓራን ውስጠኛ ሽፋን የሚያስቆጣ ባክቴሪያ ነው። አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በ1982 እ.ኤ.አ. ለይተው በማውጣታቸው በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ከዚያ በፊት የጨጓራ ቁስለት ጥፋቱ በጭንቀትና በሚያቃጥል ምግብ ይሳበብ ነበር፤ ይህ እምነት ዛሬም አልጠፋም።

ባክቴሪያው አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት፣ በቤተሰብ መካከል ይተላለፋል፤ የተበከለ ውኃም አንዱ መንገድ ሳይሆን አይቀርም። ከጅግጅጋ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በሶማሌላንድ ድንበር አቅራቢያ ባለችው ደረቋ አውበሬ ታዲያ ከማዕዱ በፊት የውኃው ንጽሕና ሊታሰብበት ይገባል። ዝናብ የሚጠራቀምበት ቢርካ ሳይከደን ሲቀር በቀላሉ ይበከላል።

በስባስ፣ ማለትም የሚያቃጥለው የሚጥሚጣ ማባያ፣ በሽታውን አያመጣም፤ የተቆጣ ጨጓራን ግን ሊያሳምም ይችላል። ወተት ለጊዜው ያበርዳል፤ ይሁንና አሲድ እንዲመነጭ ስለሚያነሳሳ ሕመሙ ይመለሳል። የግመል ወተት ባክቴሪያውን ያጠፋል ብሎ መድኃኒት ማቆም ስህተት ነው፤ ሳይፈላ ከተጠጣ ደግሞ ብሩሴሎሲስ ሊያመጣ ይችላል። ጫት የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ ቃሚው ሳይበላ ይውላል፤ ሕመም ላለበት ይህ አይበጅም። ጨው የበዛበት ምግብ ከባክቴሪያው ጋር ሲደመር ለጨጓራ ካንሰር ያለውን ተጋላጭነት ከፍ ያደርጋል።

ኢንፌክሽኑን ምግብ ብቻውን አያጠፋውም። የተለመደው ሕክምና አሲድ ቀናሽ መድኃኒትን ከአንቲባዮቲኮች ጋር አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀናት መውሰድ ነው። በረመዳን፣ በቀን ሁለቴ የሚወሰድ ከሆነ፣ ሐኪም አማክሮ ከአፍጥርና ከሱሁር ጋር ማስማማት ይቻላል።